አንዴ ብቻ የሚነሳ ላፕቶፕ

እንጅባራ ውስጥ ትንሽ ፎቶ ቤት አለችኝ። ላፕቶፔ አርጅቷል፤ ብርድ ሲሆን አልነሳም ይላል። እኔም ጠዋት ጠዋት ከሰል ምድጃው አጠገብ አስቀምጬ በጋቢ እጠቀልለው ነበር። ሲሞቀው ይነሳል። ሁለት ክረምት እንዲህ አለፈ። «አስጠግነው እንጂ!» ያለኝን ሁሉ «ምን ሆነና!» እያልኩ መልሻለሁ። ግትር ነኝ፣ አልክድም።

አንድ ሰኞ ቀጭ ቀጭ ብሎ ጠፋ። እሰየው፣ ተገላገልኩ፣ ለዚህ አሮጌ ደግሞ ጥገና ብዬ ወደ ጥግ ገፋሁት።

ረቡዕ ጠዋት አንዲት እናት ከጥርባ በኩል በሚኒባስ መጥተው ደጄ ላይ ቆሙ። ነጠላቸውን አዘቅዝቀዋል። ልጃቸውን የሞላ ወንዝ ወስዶታል። ሬሳው ተገኝቶ ተቀብሯል፤ ስልኩንና መታወቂያውን ግን ውሃ በላቸው። አርባው እሁድ ነው።

«ፎቶው ትልቅ ሆኖ ካልቆመ ዘመድ ማንን እያየ ያልቅስ?» አሉኝ። «ለመታወቂያ እዚህ መነሳቱን ነግሮኛል። ሌላ ፎቶ የለውም።»

ክው አልኩ፤ ያነሳሁት ሁሉ ያለው እዚያው ላፕቶፕ ላይ ብቻ ነው። ከሁለት ሱቅ ወዲያ ያለውን የላፕቶፕ ጠጋኝ ሮጬ ጠራሁት። መጥቶ ዕቃውን አገላበጠ፣ ምድጃውን አየ፣ ጋቢውን አየ።

«አራስ ነው እንዴ የምትጠቀልለው? ሃርድ ዲስኩን ቀቅለኸዋል እኮ!»

«ስድቡን ለኋላ አቆየው። ይጠገናል ወይ?»

«ባህር ዳር የሚሠራ ሰው አለ። ሦስት ሳምንት ይፈጅበታል፣ ግን ብዙውን ያወጣዋል። አሁን እዚሁ ካበራነው ምናልባት አንዴ ይነሳ ይሆናል። አንዴ ብቻ! መሃል ላይ ቀጥ ካለ የባህር ዳሩም ሰው ምንም አያደርግልህም።»

ሦስት ሳምንት ደግሞ አርባውን ያልፋል። ባህር ዳር ይሂድ የሚለው አፌ ላይ ደርሶ ነበር። እውነቱን ልናገርና ለእሳቸው አስቤ አልነበረም፤ ቢጠፋም በእኔ እጅ አይጥፋ ብዬ ነው። ፈራሁ። ነገሩን ግን ሳልደብቅ ነገርኳቸው።

ለራሳቸው በአዊኛ የሆነ ነገር አጉተመተሙ። ከዚያ ቀና ብለው አዩኝ።

«እኔ አንዴ ቀብሬዋለሁ። ከዚህ የባሰ ምን ልታመጣብኝ? አብራው።»

አበራሁት። ቀጭ፣ ቀጭ። እሳቸው «እመብርሃን» ይላሉ፣ እኔ «ጌታ ሆይ» እላለሁ፣ ጠጋኙ ጥፍሩን ይበላል። ስክሪኑ በራ። ፎቶዎቹን በየወሩ ለይቼ ነው የማስቀምጠው።

«መቼ ነበር የመጣው?»

«ግንቦት ነው። ከዘር በፊት።»

የግንቦትን ከፍቼ በነገሩኝ ስም ፈለግሁት። አገኘሁትና ወደ ፍላሽ ላክሁት። አረንጓዴዋ መስመር ግማሽ ላይ ስትደርስ ቆመች። «እንዳትነካው!» አለ ጠጋኙ። ስንት ደቂቃ እንደቆየን እንጃ። በኋላ ጥቂት ፈቀቅ አለች፤ ደግሞ ጥቂት፤ ሞላች። ፍላሹን ከመንቀሌ ላፕቶፑ ጨለመ። ከዚያ ወዲህ ተነስቶ አያውቅም።

ፎቶውን በጠጋኙ ኮምፒውተር ከፍተን አሳየናቸው። እልል ይላሉ ወይ ያለቅሳሉ ብዬ ስጠብቅ ወደ ስክሪኑ ጠጋ ብለው አዩት።

«ምነው ፊቱን አጨፈገገው?» አሉ። «ልጄ ሳቂታ ነበር።»

ካሜራው ነው ብል ያምኑኝ ነበር። አልቻልኩም።

«እኔ ነኝ፣ እናቴ። ለመታወቂያ አይሳቅም ብዬ ሦስት ጊዜ ተቆጣሁት። የሳቀባቸውን ፎቶዎች ደግሞ ቦታ እንዳይዙብኝ አጠፋኋቸው።»

ይረግሙኛል ብዬ አንገቴን ደፋሁ።

«ምን አሳቀው?»

«ኮቱ። ለጉርድ ፎቶ የመጣውን ሁሉ የማለብሰው ኮት አለኝ። እጅጌው ረዝሞ ጣቶቹን ዋጣቸው። እጁን እያወዛወዘ፣ ‹ኧረ ጣቴን አምጡልኝ› እያለ ይስቃል።»

«ኮቱ አለ?»

ከምስማሩ አውርጄ ሰጠኋቸው። ጉልበታቸው ላይ ዘረጉት። አንዱን እጅጌ ያዙና ማጠፍ ጀመሩ፤ አንድ እጥፍ፣ ሁለት እጥፍ፣ ቀጥሎም ግማሽ። እዚያ ላይ በመዳፋቸው ዳበሱት።

«ልኩ ይሄ ነው» አሉኝ፣ ወደ ሁለተኛው እጅጌ እየዞሩ።