አሰልጣኙ በረዶ ላይ የወጡበት ቅዳሜ

ዓመቱ ይሄ ነው ብል እዋሻለሁ፤ የፈረንጆቹ ዘጠናዎቹ መጀመሪያ ላይ ይመስለኛል። ቶሮንቶ፣ ኤግሊንተን ዌስት ጎዳና አጠገብ፣ በአንድ የአረጋውያን መኖሪያ ጽዳት እሠራ ነበር። እዚያ ዘጠና ያለፋቸው አንድ እንግሊዛዊ ነበሩ። በወጣትነታቸው ከድንጋይ ከሰል ቁፋሮ ወጥተው ኳስ ተጫዋች ሆኑ፤ ጉልበታቸው ሲሰበር ደግሞ ይጫወቱበት የነበረው ቡድን አሰልጣኝ። ብዙ ዘመን መርተው ሽንፈት ሲደጋገም ተባረሩ። ይህን ሁሉ ወለል ስወለውል አጫውተውኛል። እርጅናው ሲገፋ ግን መባረራቸውን ረሱት። ቅዳሜ በመጣ ቁጥር "ልጆቹ ይጠብቁኛል" ይላሉ።

አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ፣ በረዶ እየወረደ፣ በቤት ነጠላ ጫማ ብድግ ብለው ወጡ። እኔ በሩ ላይ ነበርኩ። ያገሬ ሰው ይፍረደኝ፤ ያን የሚያህል ሽማግሌ "ወዴት ነው?" ብሎ ክንድ መጎተት ከየት ይመጣል? እስከ ደጃፉ መስሎኝ፣ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ብዬ እንደ ወጉ ሸኘኋቸው። እሳቸው ግን ዋናውን መንገድ ያዙት።

ተከተልኳቸው፤ ከንፈራቸው ሲጠቁር ነው የደነገጥኩት። ጃኬቴን ባለብሳቸው ወረወሩት። እጄ ላይ ቢሞቱስ? ማን ያምነኛል? እንግሊዝኛ መስማቱን እሰማለሁ፣ አፌ ግን አይፈታም።

"ይመለሱ ጌታዬ፣ በሞቴ!" አልኩ ባማርኛ።

"ጨዋታው ሳያልቅ አሰልጣኝ ሜዳ ጥሎ አይሄድም!" ብለው ጮኹብኝና የበረዶ ክምር ላይ ቆሙ። ሊወድቁ ነው።

አንድ አውቶቡስ አጠገባችን ቆመ። ሾፌሯ ጠና ያለች ጃማይካዊት ናት።

"አባትህ ናቸው?"

"አሰልጣኝ" አልኳት፤ ሌላ ቃል አልመጣልኝም። መኖሪያውን በጣቴ አሳየኋት።

ነጠላ ጫማቸውን አየች፣ ስለ ጨዋታው የሚጮኹትንም ሰማችና ወረደች። "አሰልጣኝ! እረፍት ሆነ እኮ! ልጆቹ መልበሻ ክፍል ገብተዋል። አንድ ለዜሮ እየተመሩ እርስዎ እዚህ ንፋስ ይቀበላሉ?"

ቀና አሉ። "እነዚያ ሰነፍ ተከላካዮች!" እያሉ የአውቶቡሱን ደረጃ ወጡ። ተሳፋሪውን ተጫዋቾቻቸው መስሏቸው አንድ በአንድ ወቀሱት። ፌስታል የታቀፈች ሴትዮ "ሁለተኛ አይለመደኝም፣ አሰልጣኝ" አለች። ማንም አልሳቀም። እኔ እግራቸውን በሹራቤ ጠቅልዬ ይዣለሁ፤ እንደ ድንጋይ ቀዝቅዟል። ሙቀቱ እስኪመለስ አልለቀቅኩትም።

መኖሪያው በር ላይ አወረደችን። ተረፉ።

ከዚያ ፍርሃት ያወጣችኝ፣ ስሟን እንኳ ሳልጠይቃት የቀረሁት፣ ያቺ የኤግሊንተን አውቶቡስ ሾፌር ናት።