ባርኔጣ ያደረጉት ሙታን

በአጎቴ የአርባ ተዝካር ዕለት፣ ዘመድና ጎረቤት ከተሸኘ በኋላ፣ መሐል ሜዳ ከተማ ባለው ቤታቸው የቀረነው አራት ነበርን። ባለቤታቸው መደቡ ላይ፣ አጎቴ ይቀመጡበት ከነበረው አጎዛ አጠገብ ተቀምጠዋል። የንስሐ አባታቸው ምሰሶውን ተደግፈው ቆመዋል። የልጅ ልጃቸው ስልኳን ይዛ መስኮቱ ሥር፣ እኔ ደግሞ በሩ ጋ ነበርን።

አጎቴ በልጅቷ ስልክ የድሮ የአሜሪካ ፊልም ማየት ይወዱ ነበር። ድምፅ የለውም። ባርኔጣ ያደረጉ ወንዶችና ረጅም ቀሚስ የለበሱ ሴቶች በፈረስ ጋሪና በመኪና መሃል መንገድ ያቋርጣሉ። ሲያልቅ አጎቴ ኮፍያቸውን አውልቀው፣ «ነፍስ ይማር» ይላሉ።

ልጅቷ ትስቅባቸዋለች። «አባባ፣ ስማቸውን እንኳ አናውቅም እኮ።»

«እግዜር ያውቀዋል። ሞቶ እንዲህ የሚሄድ ሰው፣ አንድ እንኳ ነፍስ ይማር የሚለው ይጣ?»

እሳቸውን ልትቀርጽ ስትል ግን፣ «ተይ ልጄ፤ እኔ ከሞትኩ ወዲያ መራመድ አልፈልግም» ይሏት ነበር።

ባለቤታቸው ከቀብሩ ወዲህ ማንንም ምንም አልጠየቁም። ያን ዕለት፣ «ድምፃቸው እዚያ ስልክ ውስጥ የለም?» አሉ።

«የለም፣ እማማ። እሺ አላሉኝም።»

«እንግዲያው ያዩት የነበረውን አሳዪኝ።»

ልጅቷ ፊልሙን ከፍታ ስልኩን አጎዛው ላይ አስቀመጠችው። ሰዎቹ መንገዱን አቋረጡ። ሲያልቅ ሁላችንም «ነፍስ ይማር» የሚለውን ጠበቅን። ቄሱም ወደ አጎዛው አዩ።

ባለቤታቸው አጎዛውን በእጃቸው ዳበሱና፣ «ድገሚው» አሉ።

ሰዎቹ እንደገና መንገዱን ማቋረጥ ሲጀምሩ፣ ነጠላዬን ተከናንቤ ወጣሁ።