በሜሞሪ ጉዳይ ሽማግሌ ተላከብኝ

ሃይስኩል ያለችው ልጄ ማርታ ረከስ ያለ የጌም ኮምፒውተር ልገጣጥም ካለችበት ቀን ጀምሮ አሜሪካ፣ ስፕሪንግፊልድ ያለው ቤታችን ሰላም አጣ። የተጣላነው በሜሞሪ ነው። እሷ «ሃያ አራት ጊጋ ካልሆነ ጌሙ ይንቀራፈፋል» ትላለች፤ እኔ ደግሞ ስምንት ይበቃል ብዬ ድርቅ አልኩ። ለምን ስምንት እንዳልኩ አትጠይቁኝ። የቢሮዬ ኮምፒውተር ስምንት ስለሆነ ነው፤ እሱም ቢሆን ይንቀራፈፋል።

ቅዳሜ ጠዋት በሩ ተንኳኳ። ስከፍት የቸርቻችን ሽማግሌ ጋሽ ወንድሙ ሱፋቸውን ግጥም አድርገው ቆመዋል።

«ልጅቷ ኮል አድርጋኝ ነው ከውድብሪጅ ድረስ የመጣሁት» አሉ።

እዚሁ አሜሪካ የተወለደች፣ በአማርኛ ሳናግራት በእንግሊዝኛ የምትመልስ ልጅ በገዛ አባቷ ላይ ሽማግሌ ላከች።

ጋሽ ወንድሙ ጸልየው ጀመሩ። መጀመሪያ እሷን አዳመጡ። ቀጥሎ እኔ ሶፋዬ ላይ እንደ ተከሳሽ ቁጭ ብዬ ስለ ስምንት ጊጋ ተከራከርኩ። እሳቸውም «እንግዲህ አንተም ከስምንትህ ከፍ በል፣ አንቺም ከሃያ አራትሽ ዝቅ በይ። አስራ ስድስት ይሁን» ብለው ፈረዱ።

ትልቅ ሰው ቤት ድረስ መጥቶ እምቢ አይባልም። እሺ አልኩ። ስምንት ጊጋ አስቀነስኳት ብዬም ውስጥ ውስጡን ደስ አለኝ።

ሸኝተናቸው ስንመለስ አሳዘነችኝና «አይዞሽ፣ በአስራ ስድስትም መጫወት ይቻላል» አልኳት።

«አውቃለሁ አባዬ» አለችኝ፣ በጠራ አማርኛ። «ድሮም የምፈልገው አስራ ስድስት ነበር። ሃያ አራት በይ ያሉኝ ጋሽ ወንድሙ ናቸው።»