ከታች ሸራ አለ

የደረቀ ሰሊጥ ሲራገፍ በሰማሁ ቁጥር እህቴ ጥሩነሽ ትዝ ትለኛለች። በጣሊያን ጊዜ ነው፣ መተማ ቆላ። ትከሻዋ ሳታስበው ይዘል ነበር፤ እናቴ "ያዥው አንቺ ልጅ" እያለች ስትቆጣት ይብስባታል። ደረቅ ሰሊጥ ትንሽ ከነኩት ይረግፋልና ነዶ የሚሰጣት አልነበረም። አንድ ቀን አባቴ አሮጌ ሸራ አነጠፈና ነዶውን አስታቀፋት።

"አባዬ፣ ቢረግፍብኝሳ?"

"ይርገፍ፣ ከታች ሸራ አለ። እናንተ ሌሎቻችሁም አትዩዋት፤ ሥራችሁን ሥሩ።"

ያን ዕለት ትከሻዋ ጋብ አለላት። ለምን እንደሆነ አልገባኝም ነበር።

አሁን የኔው ልጅ ሳያስበው አንገቱን ይሰብቃል። ጎረቤት "ጋኔን ለክፎታል" ሲል እፈራለሁ። ዛሬም "ተው" ልለው ጀምሬ ተውኩት። ነዶ አስታቀፍኩትና ሸራውን ወደ እግሩ ሳብ አደረግኩለት።