ለአንድ ዓሣ የሚበቃ ተረት

ልጅ ሳለሁ ቤታችን ውስጥ የሚሠራ ሰዓት አልነበረም፤ አዳዳ ጡሜ ነበረች። አዳዳ እኛ ዘንድ የአባት እህት ማለት ነው። የአባቴ ታላቅ ናት፤ ጎልቦ ሜዳ ላይ ከግመል ኋላ ስትሄድ አድጋ፣ ባሏ ሲሞትባት እኛ ቤት ገብታ ቀረች። ድስት ጥዳ ተረት ትጀምራለች፣ ተረቱ ሲያልቅ ምግቡ በስሏል። የፍየል ሥጋ የጅብና የአህያዋ ተረት ነው። የግመል ሥጋ ደግሞ ጥንቸል አንበሳን ከውሃ ጉድጓድ ወደ ውሃ ጉድጓድ እየመራች የምታደክምበት ነው፤ አዳዳ ጉድጓዶቹን አንድም ሳታስቀር በየስማቸው ትጠራቸዋለች፣ ግመሉ ያረጀ ከሆነማ ሲመለሱም ትጠራቸዋለች። ሽሮ ተረት አይወጣውም። ሽሮ የተሠራ ማታ አኩርፌ ነው የምበላው።

ተረት ከተጀመረ ደግሞ ማቋረጥ የለም። «መሃል ላይ የተቆረጠ ተረት መንገደኛን መንገድ ላይ ያስቀራል» ትላለች አዳዳ፤ አባቴ ዘወትር መንገደኛ ስለነበረ ማንም ሊያቋርጣት አይደፍርም። ተረቱ ሳያልቅ ክዳን አይነሳም። ጎረቤት መጥቶ ቢያንኳኳ እንኳ ጣቷን ቀስራ በር ላይ ታቆመዋለች።

የምንኖረው በኬንያው ሞያሌ፣ ከኬላው ትንሽ ወረድ ብሎ ባለ የቆርቆሮ ቤት ነው። አባቴ በጭነት መኪና ሐዋሳ ድረስ እየተመላለሰ ቡናና በርበሬ ያመጣ ነበር። ያኔ ከመንገድ ሲገባ ቅንድቡ ድረስ አቧራ ለብሶ፣ ጫማውን ሳያወልቅ ግድግዳ ተደግፎ ይቀመጥና «እኛ የድንበር ሰዎች እንደ ድፎ ዳቦ ነን፤ ከላይም እሳት ከታችም እሳት» ይላል፤ ከላይ ያለው የወዲያኛው ኬላ፣ ከታች ያለው የወዲህኛው አስካሪ፣ የኬንያው ፖሊስ፣ መሆኑ ነው። ከዚያ የያዘውን ሻይ ሳይጨርስ እንቅልፍ ይወስደዋል። ደከመኝ የማይል ሰው በቤታችን አልነበረም፣ እኔም ምንም ሳልሠራ ደከመኝ እል ነበር፤ ቃሉን ከእነሱ ለምጄ።

እናቴ ሰዓዳ የሐዋሳ ልጅ ናት። እናቷ ሐይቁ ዳር የእንግዳ ማረፊያ ነበራት፣ እና እናቴ ደህና በነበረችበት ጊዜ የምታወራው ስለዚያ ቤት ዓሣ ነው። ቆሮሶው ጎንና ጎኑ በቢላ ይተለተላል፣ በጨውና በነጭ ሽንኩርት ይታሻል፤ የብርቱካንና የሎሚ ጭማቂ ከማር ጋር እሳት ላይ ወፈር እስኪል ይቆይና በላዩ ይቀባል፣ ከዚያ መጋገሪያ ውስጥ ይገባል። «ሲወጣ ቆዳው ያብረቀርቃል፣ እጅሽን ታጥበሽ እንኳ ማታ ድረስ ብርቱካን ብርቱካን ይሸትሻል» ትለኛለች። አዳዳ ይሄን ስትሰማ ወደ ደጅ ምራቋን ትተፋለች። እሷ ባደገችበት አገር ዓሣ የውሃ እባብ ነው፤ የተከበረ ሰው አፉ ውስጥ አይከተውም።

ዝናቡ በቀረበት ዓመት እናቴ ነፍሰ ጡር ነበረች። እኔ እህት እንድትሆን እፈልግ ነበር፤ እንዲያውም አሻንጉሊቴን ለእሷ ብዬ አስቀምጬ ነበር። እናቴ ሐኪም ቤት ሄደች፣ ስትመለስ እጇ ላይ ከነጠላዋ በቀር ምንም አልነበረም። ሴት ነበረች አሉ። ስም ሳይወጣላት አባቴ ጠዋት ወስዶ ቀበራት።

ከዚያ በኋላ እናቴ ከመጋረጃው ጀርባ ገብታ ተኛች። አትናገርም፤ ቀጭን ሻይ ትቀምሳለች፣ ሌላ ነገር ሲቀርብላት ፊቷን ታዞራለች። አዳዳ የግመል ወተት፣ የአጥንት መረቅ፣ ገንፎ፣ ያላቀረበችው ነገር የለም። ለጥየቃ የሚመጡት ሴቶች ደጅ ላይ ሆነው «ኧረ ይቺ ልጅ እየሄደች ነው» ይባባላሉ። እኔ ሰምቼ ሌሊቱን ሙሉ የመጋረጃውን ጫፍ ይዤ አደርኩ፤ ስትሄድ እንድነቃ።

አባቴ ለመንገድ በተነሳ ቁጥር መጋረጃው ስር ቁጢጥ ብሎ «ሰዓዳዬ፣ ምን ላምጣልሽ?» ይላታል። ትንሽ ጠብቆ ይነሳና ይሄዳል። አንድ ቀን ግን ሊነሳ ሲል «ዓሣ» አለችው። አንዲት ቃል ናት፣ እሷም በሹክሹክታ፤ አባቴ ግን ደስ ብሎት ጫማውን ግራና ቀኝ አሳስቶ አጠለቀ።

ዓሣው የመጣው አናቱ በተቆረጠ ቢጫ ጀሪካን ውስጥ ነው፤ በረዶው ውሃ ሆኖ፣ በላዩ እርጥብ ጆንያ ተደርጎበት። አዳዳ አፍንጫዋን በሻሿ አስራ፣ «ቢስሚላህ፣ ለሰዓዳ ስል ነው» እያለች በሁለት ጣት አነሳችው። መጋገሪያ የለንም። የከሰል ምድጃው ላይ፣ እኛ ጂኮ የምንለው ላይ፣ ወፍራሙን ድስት ጣደች፤ ያንን የብርቱካን፣ የሎሚና የማር ቅባት እናቴ ስታወራ እንደሰማችው አድርጋ ሠራችው፤ ዓሣውን ቀብታ አስተኛችውና ከደነችው፤ ክዳኑ ላይም ፍም ደረደረች። ልክ እንደ ድፎ ዳቦ። ከዚያ ጉልበቷን አቅፋ ተቀመጠችና ተረት ጀመረች።

ችግሩ የትኛውን ተረት የሚለው ነው። ዓሣ ማለት የሩቅ አገር ሥጋ ነው፣ በዚያ ላይ የበሽተኛ ምኞት ነው፤ አዳዳ አሳንሳ ልታስተናግደው አልፈለገችም። ትልቁን ሰጠችው፣ የግመሉን። ጥንቸሏ አንበሳውን ይዛ ተነሳች። ፍሙ ከላይ ይግላል፣ የፋኖሱ መስታወት ጠቁሯል፣ መጀመሪያ ቤቱን የሞላው ሽታ የብርቱካን ነበር፤ እኔ እስከዛሬ እንደዚያ ያለ ሽታ ያንን ቤት ሲሞላ አላየሁም፣ የመጋረጃው ጨርቅም ትንሽ ሲነቃነቅ አይቻለሁ። ሁለተኛው ጉድጓድ ላይ ሽታው እንደ ተቃጠለ ስኳር ሆነ። አራተኛው ላይ ጭስ። «አዳዳ፣ አረረ እኮ!» አልኳት። ጣቷን ቀሰረችብኝና አንበሳውን ወደሚቀጥለው ጉድጓድ ወሰደችው። ምን ታድርግ፣ አባቴ በማግስቱ መንገደኛ ነው፤ ተረቱን ቆርጣ ወንድሟን መንገድ ላይ ልታስቀረው ነው?

ክዳኑ ሲነሳ ድስቱ ውስጥ ከሰል ነበር። ከላይ ከሰል፣ ከታች ከሰል፣ መሃልም ከሰል። እናቴ ከመጋረጃው ጀርባ ወደ ግድግዳው ስትዞር አልጋው ሲጥ ሲጥ ሲል ሰማን። አባቴ ከጥቁሩ ቆርሶ አፉ ውስጥ ከተተ፤ «ይበላል» አለ፣ ሲያኝከውም ይንኮሻኮሻል። አዳዳ ደጅ ወጥታ ተቀመጠች። ዓይኗን በሻሿ እየጠረገች «ሐዋሳ ላይ አንዴ ሞተ፣ እኔ ደግሞ ሁለተኛ ገደልኩት» አለችኝ። መሳቅም ማልቀስም አቃተኝ። አዳዳ ስታለቅስ አይቻት አላውቅም ነበር።

አባቴ ሌላ እንደሚያመጣ ሲነግራት ድምፁ ራሱ ደክሞት ነበር። እሱ በሄደበት ሰሞን አዳዳ አጭር ተረት ፍለጋ ወጣች። ሄሉ ሰፈር ድረስ በእግሯ ሄዳ የምታውቃቸውን አሮጊቶች ሁሉ ጠየቀች። አንዷ በጣም አጭር ነው ብላ የጀመረችላት ተረት ከሰዓት በኋላውን ሙሉ ፈጀ። ሌላዋ ደግሞ «ጡሜ፣ ተረት የሚያሳጥር ሰው ከብቱን ያሳጥራል» ብላ ባዶ እጇን ሰደደቻት። እግሯ አብጦ፣ ተናዳ ተመለሰች። እኔ ትምህርት ቤት የተማርኩትን በስዋሂሊ ብነግራት «ፖሌ ልጄ» ብላ በዚያው በስዋሂሊ አዘነችልኝ፤ «እሱ እሳት አያውቅም»።

ሁለተኛው ዓሣ የመጣው ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል ነው። አባቴ ጀሪካኑን አስቀምጦ እዚያው አጠገቡ ወለሉ ላይ ተጋደመ። አዳዳ እንደ መጀመሪያው ሁሉን አሰናዳች፤ ተለተለች፣ አሸች፣ ቀባች፣ ከደነች፣ ፍሙን ከላይ ደረደረች። ተቀመጠች። ጉልበቷን አቀፈች። አፏን ከፈተች፣ መልሳ ገጠመችው። በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ የድስት ድምፅ ያለ ተረት ሰማሁ፤ ያስፈራል። «ኢንተላ ኮ» አለችኝ፣ ልጄ ማለቷ ነው፤ «የለኝም። ለዚህ የሚሆን የለኝም፤ የፍየሉም ይረዝማል። ዛሬም ካረረ ሰዓዳ ሌላ ዓሣ አትጠይቅም»። እኔም ይሄንኑ ነበር ስፈራ የዋልኩት።

ያኔ ነው ከመጋረጃው ጀርባ የዛገ ድምፅ የመጣው።

«ተረት ተረት።»

አባቴ ከተጋደመበት ተነስቶ ቁጭ አለ። አዳዳ እጄን ጨበጠችው፣ አጥንቴ እስኪያመኝ። «የላም በረት» አልን ሦስታችንም፣ ቀስ ብለን፣ እንዳናስደነግጣት።

እናቴ በየቃሉ መሃል እያረፈች ተረተች። «አንዲት ሴት ሐይቅ ዳር ተቀምጣለች። ዓሣ ብቅ አለና፣ ምን ትጠብቂያለሽ? አላት። ውሃው ውስጥ የጠፋብኝ አለ፣ አለችው። ስሙን ንገሪኝና ጠርቼ ልፈልገው፣ አላት። ስም አልወጣለትም፣ አለችው። ስም የሌለውን በምን ልጥራው? አላት።» እዚህ ላይ ረጅም ዝም አለች፤ ፍሙ ተሰነጠቀ፣ የብርቱካኑ ሽታ መጣ። «ሴትዮዋ መልስ አጣች። እንግዲያው ተነሺ፣ አላት ዓሣው፤ ቤትሽ እሳቱ ሊጠፋ ነው። ስሙን ያገኘሽለት ቀን ተመልሰሽ ንገሪኝ፣ እኔ እዚሁ ነኝ። ሴትዮዋም ተነስታ ገባች።» ትንፋሿን ሰበሰበች። «ተረቴን መልሱ፣ አፌን…» ሁሌ በዳቦ ነው የሚባለው፤ እናቴ ግን «…አፌን በዓሣ አብሱ» አለች።

አዳዳ ዘላ ተነሳች። ክዳኑን ከነፍሙ ስታነሳው ፍሙ መሬት ላይ ተበተነ፣ ማንም ግድ አልሰጠውም። ዓሣው ቆዳው ያብረቀርቃል። አባቴ መጋረጃውን ሰብስቦ ያዘ፣ አዳዳ ትሪውን አልጋው ላይ አስቀመጠች። እናቴ ከጎኑ ቆረሰች፣ አጥንቱን ለቀመች፣ አፏ ጋ አድርሳ ገታ አለች። ከዚያ እጇን ወደ አዳዳ ዘረጋች። «እትዬ ጡሜ፣ እንኪ።»

«ኧረ በአላህ! እኔን ተይኝ!»

«ካልጎረስሽ አልጎርስም። ብቻዬን መብላት ደክሞኛል።»

አዳዳ ዓይኗን ጨፈነች፣ መድኃኒት እንደሚሰጡት ሕፃን አፏን ከፈተች፣ ጎረሰች። አላመጠች። እኛ ፊቷን እናያለን። ውጣ ስትጨርስ ዓይኗን ሳትገልጥ «ግመል ይሻላል» አለች፤ እናቴ ሳቀች። ሳቅ ማለት ይከብዳል፣ በአፍንጫዋ የወጣ ትንፋሽ ነው፤ ለእኛ ግን በቂ ነበር። ከዚያ ጎረሰች። ከጅራቱ በቀር ጨረሰችው።

አዳዳ ካረፈች ቆየች፤ እንደ ቃሏ ጎልቦ ነው የተቀበረችው። አባቴም ተከትሏት ሄዷል። እኔ ሱቅ እየሠራሁ ሞያሌ ውስጥ አለሁ፤ በየቀኑ ማታ በሬን ስዘጋ እንደ እሱ ጫማዬን ሳላወልቅ ግድግዳ ተደግፌ እቀመጣለሁ። የጋዝ መጋገሪያ አለኝ፣ ስልኬም ሰዓት ይቆጥራል፤ ዓሣ ስጋግር ግን አላምነውም። የእናቴን ተረት ነው የምለው። ደህና አርፌ በፍጥነት ካልኩት ዓሣው ጥሬ ይሆናል። በጣም በደከመኝ ቀን፣ በየቃሉ መሃል ሳርፍ ነው ልክ የሚመጣልኝ፤ የድካም ጥቅሙ ይሄ ብቻ ነው ብዬ ለልጄ እነግራታለሁ። ሴትዮዋ የጠፋባት ምን እንደነበረ የገባኝ ደግሞ እሷን ወልጄ ሳቅፍ ነው። ሕፃን ሳለሁ ቀለበት ይመስለኝ ነበር።

እናቴ አሁን ከእኔ ጋር ናት። ጉልበቷ ከድቷታል፣ ቀኑን የምታሳልፈው ወጥ ቤቱ በር ላይ ባለው ወንበር ነው። ያንን ተረት ከዚያች ማታ ወዲህ አንድም ቀን አልደገመችውም፤ እኔ ስለው እንደማይሰማ ሰው አንገቷን ደፍታ ትቀመጣለች። በቀደም ዓሣ አስገብቼ፣ ልጄ ከአጠገቤ ቆማ፣ እንደ ወትሮው ተረትኩ። ዓሣው ስም የሌለውን በምን ልጥራው ያለበት ላይ ስደርስ፣ እንደ ልማዴ ለማረፍ ዝም አልኩ።

«ኢክራም» አለች እናቴ ከወንበሯ።

ዞር ብዬ አየኋት። ቀና አላለችም፤ የነጠላዋን ጫፍ ጣቷ ላይ ትጠቀልላለች። ልጄ «አያቴ፣ ኢክራም ማናት?» ስትላት «አክስትሽ» አለቻት፣ ረጋ ብላ፣ ሁልጊዜ ስትጠራት እንደኖረች ሁሉ። የተረቱን ጫፍ መጨረስ አልቻልኩም፤ መጨረስም አላስፈለገኝም። መጋገሪያውን ከፈትኩ። ዓሣው ደርሶ ነበር።