ከዜሮ እስከ አንድ የተሰመረ መስመር

ክፍልፋይ ስወድ ለጉድ ነው። ሌላው መምህር ሩብና ሦስት ሩብ የሚባል ነገር ሲመጣበት ፊቱ ይጨልማል፤ እኔ እጄን እያሻሸሁ ነው ክፍል የምገባው። መተማ በኩል ባለችው በኮኪት ከተማ አራተኛ ክፍል ሳስተምር ዓመቱን ሙሉ የምጠብቃት አንዲት ትምህርት ነበረች። የቁጥር መስመር ታሰምራለህ። ከሥሩ ዜሮ፣ ሩብ፣ ግማሽ፣ ሦስት ሩብ፣ አንድ ብለህ ትጽፋለህ። ከዚያ እያንዳንዱ ልጅ የሆነ ነገር ይለካና በልኬቱ ቦታ ላይ አንድ ምልክት ያኖራል። ሁለት ልጆች እኩል ከለኩ የአንዱ ምልክት ከሌላው በላይ ይቀመጣል። ይኸው ነው፣ ሌላ ነገር የለውም። ግን ሠላሳ ልጅ ሲያኖር አንዱ ቦታ ይከመራል፣ አንዱ ቦታ ባዶ ይቀራል። ያኔ «መስመሩ ምን አለ?» ብዬ እጠይቃለሁ። ይህችን ጥያቄ ስጠይቅ እስከ ዛሬ ልቤ ድው ድው ይላል።

መጽሐፉ እርሳስ ለኩ ይላል። እኛ ክፍል የነበረው እርሳስ ሁሉ ከጣት ያጠረ ስለሆነ ምልክቱ በሙሉ አንድ ቦታ ተከምሮ አረፈ። ልጆቹ አዛጉ፣ እኔም ተናደድኩ። ወሩ ሚያዝያ ነው፤ ከሦስት ሰዓት ጀምሮ ጣሪያው ላይ ያለው ቆርቆሮ በሙቀት ይንጫጫል። ዞር ብዬ ሳይ በየዴስኩ ላይ አንድ አንድ የውሃ ፕላስቲክ ቆሟል። በዚያ ወራት ውሃ ሳይዝ የሚመጣ ልጅ የለም። «ውሃውን ነዋ የምንለካው!» ብዬ ስጮህ የፊት ወንበር ያሉት ደነገጡ።

ሰሌዳም አላሳሰበኝም፣ እንዲያውም በሰሌዳዬ ኩራት ኩራት ይለኝ ነበር። የግድግዳው ከተላላጠ ዓመታት አልፈውታል። መጋቢት ላይ ግን ሃቡብ፣ ያ ከሱዳን በኩል የሚነሳው የአቧራ ማዕበል፣ ግቢያችንን አተራምሶ አንድ የሳንቃ በር ከማጠፊያው ነቅሎ ሜዳ ላይ ጣለልን። ሦስት ቀን ማንም ሳያነሳው ቀረ። አነሳሁት። ያለቀ የባትሪ ድንጋይ ሰብሬ፣ ጥቁሩን ከከሰል ጋር ወቅጬ፣ ሁለት ጊዜ ቀባሁት። ምን የመሰለ ሰሌዳ ወጣው መሰላችሁ! ሲያሻኝ ግድግዳ አስደግፈዋለሁ፣ ሲያሻኝ ግቢው ውስጥ ባለው የኒም ዛፍ ጥላ ሥር መሬት ላይ አጋድመዋለሁ። ርእሰ መምህሩ ሳይቀር «አንተ ሰው እጅህ ይባረክ» አለኝ፤ እኔም እንግዳ በመጣ ቁጥር እሱን ማሳየት ሥራዬ ሆነ።

ሰኞ ዕለት ግን የአንዲት ተማሪዬ እናት መጡ። መናኸሪያው አጠገብ ለቀን ሠራተኞች ምግብ የሚሸጡ ሴት ናቸው። ልጃቸው ከክፍሉ ቀዳሚዋ ነበረች፤ ሩብና ሩብ ግማሽ እንደሚሆን ሳላስተምራት ቀድማ የነገረችኝ እሷ ናት። ካለፉት ሳምንታት ወዲህ ግን ከአምስት ሰዓት በኋላ ጭንቅላቷን ዴስኩ ላይ ትደፋለች።

«ሦስት ጊዜ ደሟን አስመረመርኩ» አሉኝ። «ወባ የለባትም ይሉኛል። ቤት ስትሆን ደህና ናት፤ እዚህ ስትውል ነው የሚያዞራት። እስከ አርብ አያለሁ። ካልተሻላት ደጋ አክስቷ ዘንድ እሰዳታለሁ።»

«ትምህርቷስ፣ እትዬ?»

«አክስቷ መንታ ወልዳለች፣ ልጅ ትይዛለች። ምን ላድርግ መምህር? ከምትሞትብኝ ትቅር!»

 «እስከ አርብ አደራ» ብቻ ብዬ ሸኘኋቸው።

ማክሰኞ ልክ ሁለት ሰዓት ላይ ፕላስቲኮቹን ሞላን። ቁመቱን በወረቀት ጥብጣብ ለካን፤ ጥብጣቡን አጠፍነው፣ ደግመን አጠፍነው፣ ሲዘረጋ አራት እኩል ቦታ ሆነ! ልጆቹ ሲያዩት በጭብጨባ ክፍሉን ቀወጡት። በየፕላስቲኩ ላይ ሩብ፣ ግማሽ፣ ሦስት ሩብ ብለን ምልክት አደረግን። ጥያቄያችን «እስከ ስድስት ሰዓት ምን ያህል ውሃ ጠጣን?» የሚል ነበር። ስድስት ሰዓት ሲሆን ሰሌዳዬን ኒሙ ሥር አጋደምኩና መስመሩን በጠመኔ አሰመርኩ። እያንዳንዱ ልጅ የፕላስቲኩን ክዳን ይዞ እየመጣ በጠጣው ልክ ማኖር ጀመረ።

ወንዶቹ እየተጋፉ መጡ፤ ክዳኑ አንድ ላይና ሦስት ሩብ ላይ ተከመረ። ቀጥለው ሴቶቹ መጡ። የመጀመሪያዋ ዜሮ ላይ አኖረች። ሁለተኛዋም ዜሮ። ሦስተኛዋ ሩብ። ያቺ ጎበዝ ተማሪዬም ዜሮ ላይ አስቀመጠች።

«ቆይ፣ ቆይ፣ ቆይ!» አልኩ እየሳቅሁ። በዚህ ትምህርት ላይ ልጅ የሚሳሳተውን አሳምሬ አውቃለሁ ባይ ነኝ። «እናንተ የቀረውን ነው የለካችሁት። እኔ የጠየቅሁት የተጠጣውን ነው! በዚህ ቃጠሎ ዜሮ የሚጠጣ ሰው አለ? ግመል ናችሁ እንዴ? በሉ፣ አስተካክሉ።»

ወንዶቹ ከትከት ብለው ሳቁ። ሴቶቹ ጎንበስ እያሉ ክዳናቸውን አንስተው «አንድ» የሚለው ላይ ደረደሩ። ጎበዟ ተማሪዬም ቀና ብላ አየችኝና የእሷን አነሳች። «አያችሁ? ስህተት እኮ ይታረማል!» አልኩ። ጮቤ ረገጥኩ፤ በሰላም አስተምሬ ወጣሁ ብዬ ማታ በደንብ ተኛሁ።

ረቡዕ ያንኑ ልኬት ልንደግም ሞልተን ጀመርን። አምስት ሰዓት ተኩል ላይ ያቺ ልጅ ጠመኔ ልትቀበለኝ ብድግ ስትል ወደቀች። ደንግጬ ተሸክሜ ኒሙ ሥር አስተኛኋትና «ውሃ! ውሃ!» ብዬ ጮህኩ። አንዷ ጓደኛዋ የእሷኑ ፕላስቲክ አቀበለችኝ።

ሙሉ ነበር። ጠዋት የሞላንበት ምልክት ላይ እንዳለ ነው፣ ጠብታ አልጎደለለትም።

ጥቂት በጥቂት አጠጣኋት፣ ፊቷን አራስኩላት፣ ዓይኗን ገለጠች። እፎይ ስል ግን አንድ ነገር ጭንቅላቴን ያዘኝ። ትናንት ክዳኗን አንድ ላይ ያኖረች ልጅ ዛሬ እንዴት ዜሮ ትጠጣለች? ገብቼ የሁሉንም ፕላስቲክ በገዛ ዓይኔ አየሁ። ከዚያ ማንንም ሳልጠይቅ ክዳኑን እኔው እየነቀልኩ ሰሌዳው ላይ ደረደርኩ።

የማታ የማታ መስመሩ እውነቱን ተናገረ። በዚህ ጫፍ ዜሮና ሩብ ላይ አንድ ክምር፣ በዚያ ጫፍ ሦስት ሩብና አንድ ላይ ሌላ ክምር፣ ግማሽ ላይ አንድም ክዳን የለ! ምን ልዋሻችሁ፣ ልጅ ወድቃብኝ ሳለ እንኳ ደስታ ወረረኝ። እንዲህ ያለ መስመር በመምህርነት ዘመኔ አላየሁም። ልጆቹን ሰብስቤ «መስመሩ ምን አለ?» አልኩ።

«ሁለት ቦታ ተከፈለ!» አለ አንዱ። ሌላው ከማን ፕላስቲክ እንደነቀልኳቸው አይቶ ነበርና ጎንበስ ብሎ ክዳኖቹን በጣቱ ቆጥሮ «ይሄኛው ክምር የሴቶቹ ብቻ ነው» አለ።

ሴቶቹ መሬት መሬት አዩ። እንግዲህ የዚህን ጊዜ ትንሽ ብልጭ አለልኝ፤ ለወንዶቹ ኳስ ሰጥቼ አባረርኳቸው።

«ለምንድን ነው የማትጠጡት?» አልኩ ድምፄን ዝቅ አድርጌ። ደግሜ ስጠይቅ የወደቀችው ልጅ ክርኗን ተደግፋ ቀና አለች።

«ከጠጣን ሽንታችን ይመጣል።»

«ይምጣ ታዲያ! የሴቶች መጸዳጃ ቤት አለ አይደል?»

«በር የለውም።»

«በሩ የት ሄደ?»

እርስ በርስ ተያዩ። አንዷ አፏን በነጠላዋ ያዘች። ጎበዟ ተማሪዬ እጇን ዘርግታ ክዳኖቹ የተደረደሩበትን ጥቁር ሳንቃ በጣቷ ነካችው።

«ቲቸር፣ በሩ እኮ ይሄ ነው።»

ክው አልኩ። ወይ ጉዴ! የየት በር እንደሆነ አንድም ቀን አልጠየቅሁም። የምኮራበት ሰሌዳ! ትናንት ደግሞ ግመል ናችሁ ወይ ብዬ አስቄባቸዋለሁ፣ እውነቱን ከመስመሩ ላይ በገዛ አፌ አስነስቻለሁ። «ትክክል የነበራችሁት እናንተ ናችሁ። የተሳሳትኩት እኔ ነኝ» አልኳቸው። 

ሳንቃውን ከነመስመሩ ተሸከምኩና ወደ መጸዳጃው ሮጥኩ። የትምህርት ቤታችን ጥበቃ፣ ሽማግሌ ናቸው፣ ፒንሳና ሽቦ ይዘው ከኋላዬ ደረሱ።

«አባባ፣ ስቀባው አይተው ምነው ዝም አሉ?»

«ትምህርት ቤቱ ሌላ በር ሊገዛ ነው ብዬ ነዋ! የተማረ ሰው አይደለህ? እኔ በምን ላውቅ?»

ማጠፊያውን መታን፣ ከውስጥ የሽቦ መቀርቀሪያ አበጀንለት። ጥቁሩ ፊት ወደ ውስጥ ዞረ። አባባ ሁለት ጊዜ ከፍተው ዘጉትና «ኸላስ!» አሉ፤ አለቀ ማለታቸው ነው። ገና ፒንሳውን ሳናነሳ ሴቶቹ ተሰልፈው ጠበቁን።

ሐሙስ ሰሌዳ የለኝምና መስመሩን መሬት ላይ በአመድ አሰመርኩ። አምስት የሴት ልጅ ክዳን ግማሽ ላይ ሲያርፍ እንደ ልጅ ዘለልኩ። አርብ ስድስት ሰዓት ላይ እናቷ መጡ። ልጃቸው የሦስቱን ቀን መስመር ደብተሯ ላይ ገልብጣው ነበርና መጸዳጃው በር እንዳልነበረው ነግራ፣ ጣቷን እየወሰደች አስረዳቻቸው። «እማ፣ ረቡዕ ሁላችን እዚህ ነበርን። ሐሙስ ወደዚህ መጣን። ዛሬ እኔ እዚህ ነኝ» አለችና አንድ ላይ ያረፈውን ክዳኗን አሳየቻቸው።

እናትየው ደብተሩን ብዙ አዩት። ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ።

«በሩን ማን ወሰደው?»

ንፋስ ልል ከጅሎኝ ነበር። «ንፋስ ነቀለው። ሰሌዳ ላደርገው የወሰድኩት ግን እኔ ነኝ» አልኩ።

«ልጄን ሞት ሊወስዳት ነው ብዬ እንቅልፍ ያጣሁት በእርስዎ ሰሌዳ ነው?»

«በእኔ ሰሌዳ ነው፣ እትዬ።»

 ልጃቸውን በእጇ ይዘው ወጡ። ትመጣለች ወይ ብዬ አልጠየቅኋቸውም። ቅዳሜና እሁድን እህል አልበላ አለኝ፤ የደጋ አውቶቡስ ጡሩንባ በሰማሁ ቁጥር እየወጣሁ መንገዱን አየሁ።

ሰኞ ጠዋት በር ላይ ቆሜ ስጠብቅ ከሰልፉ መጨረሻ ብቅ አለች። በግራ እጇ አንድ ፕላስቲክ፣ በቀኟ አንድ ፕላስቲክ። «እማ ሁለቱንም ጨርሰሽ ነይ ብላኛለች» አለችኝ።

ስድስት ሰዓት ላይ ክዳኗን ይዛ አመዱ መስመር ዘንድ መጣች። አንዱን ፕላስቲክ ጨርሳለች፣ ከሁለተኛው ደግሞ ሦስት ሩብ። ከዜሮ ተነስታ ክዳኑን እየገፋች ሄደች፤ ሩብ፣ ግማሽ፣ ሦስት ሩብ፣ አንድ። እዚያ መስመሬ አለቀባት። ቀና ብላ አየችኝ።

«ቲቸር፣ መስመሩ አጠረ።»

አጠገቤ ከተቀመጠው ጣሳ አመድ ዘገነችና ተንበርክካ እየበተነች መስመሩን እስከ ሁለት አስረዘመችው። ከዚያ ክዳኗን አንድ ከሦስት ሩብ ላይ አኖረች።