ውርንጭላዋን ያተረፈችው አህያችን

በጃንሆይ ዘመን ኮልፌ ግማሹ ሰፈር፣ ግማሹ ማሳ ነበር። ክረምት ሲገባ ጅቦች በደንብ ሳይጨልም ከወንዙ ወደ ጓሯችን ይወጣሉ። አባቴ ሽንኩርትና ድንች ወደ መርካቶ የሚጭንባት አንዲት አህያ ነበረችን፤ ከወለደች ወር አልሞላትም።

አንድ ምሽት አባቴ መግሪብ ሊሰግድ መስጊድ እንደሄደ ከጓሮ የአህያዋን ጩኸት ሰማን። ታላቅ እህቴ መጥረጊያ ይዛ ሮጠች፤ እኔም ተከተልኳት። ሁለት ጅቦች አጥሩን ጥሰው ገብተዋል። አህያችን ውርንጭላዋን ከግድግዳው ጋር አስጠግታ በገላዋ ከልላዋለች። አንዱን ጅብ ማጅራቱን ነክሳ ይዛዋለች፤ ሌላው ከኋላ ታፋዋን ይቦጭቃል። ዞራ ብትራገጥ ውርንጭላው ይጋለጣል። አልዞረችም።

እናቴ ከምድጃ የሚነድ እንጨት መዝዛ እየጮኸች ስትደርስ ጅቦቹ ሸሹ። ውርንጭላውን ጭረት እንኳ አልነካውም። የእናቱ ታፋ ግን አጥንቷ እስኪታይ ተገምጧል።

ጠዋት መነሳት አቃታት። ውርንጭላው ጡቷን ሲፈልግ፣ እንዲደርስበት ገላዋን ለማዘንበል ትጣጣር ነበር። ሽማግሌው ጎረቤታችን መጥተው አዩዋት።

"ይቺ ከእንግዲህ አትነሳም። ሳትሸት ወደ ወንዙ አስጎትታት" አሉት አባቴን።

"በነፍሷ እያለች?" አለች እህቴ።

"አንቺ ዝም በይ!" አላት አባቴ።

ወንዶች በገመድ አስረው በጭቃው ላይ ጎተቷት። እሷ አልጮኸችም። የጮኸው ጓሮ ታስሮ የቀረው ውርንጭላ ነው። ወንዙ ዳር ጥለዋት፣ እጃቸውን ታጥበው ተመለሱ።

ከዚያ የሰፈሩ ልጆች ተሰብስበው ድንጋይ ይወረውሩባት ጀመር። ጆሮዋን ባንቀሳቀሰች ቁጥር ይስቃሉ። እህቴ ሄዳ በእነሱና በአህያዋ መሃል ቆመች። አንዱ ድንጋይ ቅንድቧን ፈነከታት፤ ንቅንቅ አላለችም። ልጆቹ ሰልችቷቸው ሲበተኑ አህያዋ አጠገብ ተቀመጠች።

ሊመሽ ሲል ፈርቼ ወደ ቤት ሮጥኩ።

"አባባ፣ አልመጣም አለች! ጅቦቹ ሲመጡ ብቻዋን አልተዋትም አለች!"

አባቴ ቀበቶውን እየፈታ ወደ ወንዙ ወረደ፤ እኔም ተከተልኩት። እህቴ ፊት ላይ የደረቀውን ደም አየ፤ ቢሆንም በጥፊ መታት።

"ተነሺ!"

"አልነሳም። እሷ ልጇን ጥላ አልሸሸችም።"

አባቴ ወደ እኔ ዞረና "መጥረቢያውን አምጣ" አለኝ። አመጣሁለት።

"ፊትሽን አዙሪ" አላት።

አላዞረችም። የመጀመሪያው ምት አህያዋን አልገደላትም፤ ደገማት። እህቴ ሁሉንም አየች።

ውርንጭላው ወተት እምቢ ብሎ ከሳ። እህቴ ጨርቅ የላም ወተት ውስጥ እየነከረች አፉ ውስጥ ስትከት ሰነበተች፤ በመጨረሻ መጥባት ጀመረ። ዳነ። ገና ጀርባው ሳይጠና አባቴ ሽንኩርት ጫነበት። እህቴ እስክታገባ ድረስ ከአባቴ ጋር በአንድ ትሪ አልበላችም፤ እሱም አንድ ቀን እንኳ ነይ ብሎ አልጠራትም።